የመጀመሪያው ሽማግሌ ባዶውን ይመለሳል

ሶልያና ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ባል ትፈታለች። አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት። በደብረ ብርሃን ብርድ ከብርድ ልብሷ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ትተኛለች። ግድግዳው ላይ የተገጠመው የሽቦ ሽማግሌ ነግቶ ስትገላበጥ ሲሰማ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጉሮሮ የለውም፣ ግን ይጠርጋል። ከዚያ እሷ ተኝታ ሳለች የኖረላትን ትዳር ይነግራታል።

«ከአንድ መሐንዲስ ጋር ነበርኩ። የአዳማ ሰው ነው። ቁመቱም ትምህርቱም ልክዎ ነው። ሃያ ዓመት በሰላም ኖርን። ከዚያ ሲናገሩት መስማት ተወ።»

«ደነቆረ?»

«የለም። መስማት ተወ እንጂ።»

«ተወው።»

«ተውኩት። ሌላው ሐኪም ነው፣ የጎንደር። እሱ እስከ እርጅና ዘለቀ። ግን እርስዎ የታመሙ ጊዜ እህቱን ጠርቶ አስቀመጠና ወጣ።»

«እኔ ስንት ዓመቴ ሆኖ?»

«ሰባ አልፎዎት።»

«ሰባ ዓመቴን ተሸክሜ ታምሜ ጥሎኝ ወጣ? ውሻ! ተወው።»

ይህን ብላ ትነሣለች። ያላገባችው፣ ያላየችው፣ እጁን ያልነካችው ወንድ አንጀቷን አቃጥሏት ቁርስ ትበላለች።

በዚያ ዘመን ሰው ራሱ ሄዶ ሰው አያይም። ሽማግሌው ከሌላው ሽማግሌ ጋር ይቀመጥና ሁለቱ በባልና በሚስት ስም ዕድሜ ልክ ይኖራሉ፤ ያ ሁሉ ዕድሜ የሚያልቀው ባለቤቱ አንድ እንቅልፍ እስኪጠግብ ነው። የሰመረ እንደሆነ ሰዎቹ ይገናኛሉ። የሰመረለት ሰው አለ ይባላል። ሶልያና ግን አታውቀውም።

እያንዳንዱ ሰው ልክ አለው፤ የሚመጥነኝ እንዲህ ያለ ነው ብሎ ለሽማግሌው የሚያስገባው። ሶልያና ልኳን ያስገባችው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ሳለች፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ነው። እናት ስትነግር ልጅ ስትናገር አመሹ። ቁመቱ ይኼን ያህል፣ ዘሩ እንዲህ፣ አበላሉ እንዲህ፣ ሲስቅ ድዱ የማይታይ። «ከእኛ ቤት ወርዳ ያገባች ሴት የለችም፤» አለች እናት፣ ልኩ ሲቆለፍ። እውነቷን ነው፤ ወርዳ ያገባች የለችም። ከሶልያና ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ያገባችም የለች።

ልክ ማውረድ ይቻላል። ክልክል አይደለም፣ ነውር ነው እንጂ። «እሷ እኮ ልኳን አወረደች» ሲሉ ድሮ ያለ ባል ያረገዘች ሴት ስትታማ እንደነበረው አፋቸውን ሸፈን አድርገው ነው።

ጎረቤቷ ፌቨን አውርዳለች። አርባ ሲሞላት «በቃኝ» ብላ አወረደችና ሮቤል የሚባል ሰው መጣላት። ሮቤል ሾርባ ሲጠጣ ፎቁ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሲያንኮራፋ ደግሞ ግድግዳው ይነዝራል። ሶልያና በዚህ ስቃ አትጠግብም።

«ትናንት ማታ ባልሽ እንጨት ሲሰነጥቅ ነበር ወይስ ተኝቶ ነው?» ትላታለች።

«ሲሰነጥቅ፤» ትላለች ፌቨን። «ላንቺም እንዲተርፍሽ ብዬ።»

ሶልያና ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ባለፈው ፋሲካ ባልና ሚስቱ ለዘመድ ጥየቃ ሄደው ሲሰነብቱ፣ እሷ እንቅልፍ አጣች። ግድግዳው ዝም አለባት። ለካ በሰው ባል ማንኮራፋት ነበር የምትተኛው።

ሱቁ የሚሸጠው ሁሉ ለአንድ ሰው ነው። ሽሮው ለአንድ አፍ፣ ብርድ ልብሱ ለአንድ ገላ፣ እንጀራው መዳፍ የሚያህል። ወንበር ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ አይሸጥም። ሰው ሁሉ ምርጡን እየጠበቀ ስለሆነ፣ እስኪመጣ ድረስ ለሁለት የሚሆን ዕቃ ለማን ይሠራል? መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ይሉ ነበር ድሮ። የዚያ ዘመን መራጭ መውደቅ እንኳ አልታደለም፤ እንደተንጠለጠለ ያረጃል። ሶልያናም ስልሳ ሊሞላት ነው።

ሊፍቱ ሰውን አይቶ ነው የሚጭነው። ልካቸው የሚቀራረበውን አንድ ላይ ያወጣል፣ የማይቀራረበውን ለየብቻው። ለዚህ ነው ሶልያና ሊፍት ውስጥ ዘወትር ብቻዋን የምትቆመው። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ነፋሱ በርትቶ መብራቱ ተምታታ፤ ሊፍቱም ዕውቀቱ ጠፍቶት ያገኘውን አፈሰና ከፎቅ ፎቅ መሃል ተገትሮ ቀረ። አብሯት የተዘጋበት ሰው ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ፊት ለፊት አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ ጠይም አጭር ሽማግሌ ነው። እውነተኛ ሽማግሌ፣ ጉሮሮ ያለው።

ሰውዬው ካፖርቱን ሰብስቦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ይቀመጡ እንጂ፤ ቆሞ መጠበቅ መብራቱን አያመጣውም።»

«እኔ መሬት ላይ አልቀመጥም፤» አለች።

«ደግ። ሲደክምዎት ይቀመጣሉ።»

ሰውዬው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሎ ዘገነና መዳፉን ዘረጋላት።

«አልፈልግም።»

መዳፉ እንደተዘረጋ ነው።

«አልፈልግም አልኩ እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እጅዎን አይሰበስቡም?»

«እናቴ ‹እንግዳ መጀመሪያ አልፈልግም ይላል፤ ያን ጊዜ እጅህን ካጠፍክ ስስታም ነህ› ብላ ነው ያሳደገችኝ። እጄ ይዝላል እንጂ አይታጠፍም።»

ወሰደች። ቆሎው ሞቆ ነበር፣ የሰው ኪስ ሙቀት። ከሰው እጅ የሞቀ ነገር ከተቀበለች ስንት ዘመኗ ነው? አፏ ውስጥ አስገብታ ወዲያው መቆርጠም አልቻለችም። ቆይታ ቆረጠመችው።

ሲደክማት ተቀመጠች። ስሙ ኪሩቤል ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። መኪናው ራሱን መንዳት ሲጀምር አላባረሩትም፤ ተሳፋሪው ባዶ ወንበር ሲያይ ስለሚፈራ መሪው ኋላ እንዲቀመጥ አደረጉት።

«ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ዳገት ላይ ትንሽ ወደፊት አዘነብላለሁ።»

«ለምን?»

«መኪናው ብቻውን ሲወጣ ያሳዝነኛል።»

ሳቀች። ሳቁ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም፤ ዘወር ብላ ሌላ ሴት ፈለገች። ሰውዬው ሲስቅ ድዱ ይታያል። ሲያኝክ ያዜማል። የሚኖረው መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ልካቸው ዝቅ ያለ ሰዎች የሚሰጣቸው፣ ነፋሱ በመስኮቱ የሚያፏጭበት። ይህን ሁሉ አየች፣ ሰማች። አንዱም ከልኳ አይገጥምም። ከሰዓት በኋላው ግን አለቀ፤ እንዴት እንዳለቀ አላወቀችም።

መብራቱ ሲመለስ ሊፍቱ ተናገረ። «ወይዘሪት ሶልያና፣ ከልክዎ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ስላቆየንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ኪሩቤል ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። «አዩ? እኔ ሳልጠይቅ እሱ ይቅርታ ጠየቀልኝ።»

ሰነባብቶ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ዘቀዝቀዝ ሲል፣ በሩ ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሽማግሌ ሲልክ እንዲህ ነው፤ የሦስት አዛውንት ድምፅ፣ አንዱ የሚያስለው፣ አንዱ የሚመርቀው፣ አንዱ ዝም ብሎ የሚተነፍሰው። በር ላይ ሰው ግን የለም።

«ከአቶ ኪሩቤል ነው፤» አላት የራሷ ሽማግሌ። «ከልክ በታች ነው። ልመልሳቸው?»

«አርፈህ ተቀመጥ! እኔ አፍ የለኝም?»

ነጠላዋን አስተካከለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እናቷ ይህን ቀን አስባ ያስተማረቻት ነገር ነበር። መጀመሪያ የመጣ ሽማግሌ ባዶውን ይመለሳል። ባንድ ቃል እሺ ያለች ልጅ ቤቷ ያማረራት ትመስላለች፤ ባሏም ኋላ «ለምኜሽ አይደለም የመጣሽው» ይላታል። ሁለተኛ ይመጣሉ፣ «እንምከርበት» ይባላሉ። ሦስተኛ ሲመጡ ይገባሉ። ደግሞም ይኼ ሰው መዳፉን የማያጥፍ ሰው ነው። በገዛ ዓይኗ አይታዋለች።

በሩ ጋ ቀርባ፣ አገጯን ከፍ አድርጋ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣

«አይሆንም!» አለች። «እዚህ ቤት የሚዳር የለም፤ ሌላ ቤት ይሞክሩ!»

«እሺ፣ እናመሰግናለን፤» አሉ ሦስቱ ባንድ አፍ። ሄዱ።

ፈጠኑባት። የድሮ ሽማግሌ ቢሆን ጉልበቱን ያሻል፣ «እንደው ትንሽ ብታስቡበት» ይላል፣ ምርቃት ያስረዝማል። እነዚህ ሳይተነፍሱ ሄዱ። ቢሆንም ደስ ብሏት አመሸች። የነበራትን ብርጭቆ ሁሉ አጠበች፤ አንድ ነበር።

ሁለተኛ ሲመጡ፣ ሦስተኛ ሲመጡ ሰውየው የት ይቀመጣል? ወንበር ፈለገች። ሱቁ «ለሌላ ቤት ነው?» ሲላት ዋሸች፤ «የኔው ተሰብሮ ነው» አለች። አመጡላት። ሲሄዱ ተሰብሯል የተባለውን ይዘውባት ሄዱ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ ሶልያና ደግሞ ባንድ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በሩን ታይ ጀመር።

ሽማግሌ አልመጣም። ኪሩቤልንም ደጅ አላየችውም። ሰዓት እየቀያየረች ወጣች፣ ገባች፤ ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር ባዶ ነው። አንዴ ወለሉ ላይ ሁለት ፍሬ ቆሎ አየች። አሁን ወርዶ ነበር ማለት ነው፣ አሁን፣ ልክ ከእሷ በፊት። በማግስቱም ጠብቃ ገባች፤ ሊፍቱ ተጠርጎ ነበር። መጀመሪያ ተናደደች። «ወንድ ጠፋ በዚህ አገር፤ አንዴ ቢሉት ተሰበረ» አለች። ኋላ ንዴቱ ሲበርድ ከሥሩ ያለው ብቅ አለ፤ እሱን ስም አልሰጠችውም። የጠዋቱ ሽማግሌ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ከሐዋሳ ዳኛ ጋር ኖረላት፣ ከድሬዳዋ ነጋዴ ጋር ኖረላት። «ተወው» ትላለች ሳትሰማ።

ሰገነቱ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ፌቨን አየቻት።

«ምነው ፊትሽ? ከሰል መሰለ።»

«አንዱ ሽማግሌ ልኮ ቀረብኝ።»

«እልል በይ! ምን ብለሽ መለስሻቸው?»

«ምን እላለሁ? አይሆንም ነዋ።»

ፌቨን የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው። «በአፍሽ? አንቺ በአፍሽ አይሆንም አልሽ?»

«በምን ልበል፣ በአፍንጫዬ?»

«አንቺ ሴት አበድሽ! አንዴ አይሆንም ካልሽ እኮ አበቃ። ሁለተኛ መላክ ክልክል ነው። እሱ ቢፈልግስ በየት ይልካል?»

«የመጀመሪያው ሽማግሌ እኮ ባዶውን ነው የሚመለሰው!»

«ይኼን ለማን ነገርሽው? ለሽቦው?» ፌቨን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሊፍት ላይ አይተሽው ታውቂያለሽ ከዚያ ወዲህ?»

«አላየሁትም።»

«አታይውም። ቤቱ ያራርቃችኋል። እሱ ሲወጣ አንቺን ያስገባሻል፣ አንቺ ስትወጪ እሱን። አንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ሬሳችሁ እንኳ አይገናኝም።»

ሕጉ በክፉ አልወጣም፤ እውነት መነገር አለበት። አይሆንም ያለች ልጅ በፈረስ፣ ኋላም በመኪና ተጭና የተወሰደችበት አገር ነው። የሴት ልጅ «አይሆንም» አይሆንም ይሁን ሲባል እልል ካሉት አንዷ የሶልያና እናት ነበረች። እልል ብላ ቤቷ ገባችና ልጇን «መጀመሪያ ሲመጡብሽ አይሆንም በያቸው» አለቻት። ሁለቱ ነገር ባንድ ቤት እንደማያድር አላሰበችም። ማን አሰበ?

ሶልያና ቤቷ ገብታ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«ያን ቀን ያልኩትን መልስልኝ።»

«እምቢታ ይከበራል፤» አለ ሽማግሌው።

«እምቢታ አልነበረም።»

«አይሆንም ብለዋል። ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም።»

«አልተንቀጠቀጠማ! እንዳይንቀጠቀጥ እኮ ነው የተማርኩት!»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ መንገድ አለ። ልክዎን ወደሱ ያወርዳሉ። ከዚያ በዚያ ልክ ካሉት ወንዶች ሁሉ ጋር እየኖርኩ እነግርዎታለሁ። እሱም ከመሃላቸው ተራው ሊደርስ ይችላል።»

«ሁሉን ማን ፈለገ? አንድ ሰው ነው ያልኩህ።»

«ለአንድ ሰው ተብሎ የሚወርድ ልክ የለም።»

ልኳ ዕድሜዋን ሙሉ ያቆመችው አጥር ነበር፤ ያፈረሰችው እንደሆነ አገር ይገባል፣ ያላፈረሰችው እንደሆነ እሱ አይገባም። ደግሞ ምኑን ታውርደው? ቁመቱን? ድዱን? እሺ። ግን እጅ የማያጥፍ የሚል ልክ መጀመሪያም አልነበራት። ያልነበረ ነገር በየት በኩል ይወርዳል?

«ከእሱ ጋር ኖረህልኛል?» አለች።

«ከልክ በታች ስለሆነ አልኖርኩም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

«ተመስገን። እሱን እንኳ አልቀደምከኝም።»

ነጠላዋን አጣፋች። ሊፍቱን አልጠራችም። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ሰው የረሳው የደረጃ በር አለ፤ ገፋችው፣ አልተከፈተም።

«ደረጃው ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው፤» አለ በሩ። «አደጋ አለ?»

«አለ።»

ተከፈተ።

ደረጃው አቧራ ነው። የሰው ዱካ የለበትም። መብራቱ የሚወጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ አልበራላትም፤ በጠባብ መስኮቶች በሚገባው ብርሃን ግድግዳ እየያዘች ወጣች። ጉልበቷ ጮኸ። በየመታጠፊያው ቆማ ተነፈሰች። ወርዳ አገባች የሚሉ ይምጡና ይዩኝ፣ አለች በሆዷ፤ መውረድ እንዲህ የሚያስለከልክ ከሆነ።

መጨረሻው ፎቅ ላይ ነፋሱ ያፏጫል። ስሙ የተጻፈበትን በር አገኘች። አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ በሩ።

«ሽማግሌ ነኝ።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የራሴ።»

በሩ ይኼን አላወቀውም። «ይህ ቤት ከእርስዎ ተለይቷል። እባክዎ ይመለሱ፤» አለ።

«አቶ ኪሩቤል!» ብላ ጮኸች። ቃሏ በመተላለፊያው ተንከባሎ ሄደ። ከዚያ ወለል የሚጠርግ ነጠላ ጫማ ሰማች፤ እየቀረበ መጣና ቆመ።

«ማነው?»

«ሊፍት ውስጥ መሬት ላይ አልቀመጥም ያልኩት ነኝ።»

«ኋላ ተቀምጠው ነበር እኮ።»

«ተቀምጬ ነበር።»

«ምን ፈልገው ነው?»

ሶልያና ትንፋሿን ሰበሰበች። ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ መስማት እንጂ ማለት አልተማረችም ነበር።

«ለጥያቄ ነው የመጣሁት። ልጃችሁን ለልጃችን እንዳልል እርስዎም ልጅ የለዎት፣ እኔም የለኝ። እርስዎን ለእኔ ብዬ መጣሁ።»

ነፋሱ ብቻ። ሰውዬው ሲያስብ ያዜም እንደሆነ አታውቅም፤ ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት አይበቃም።

«አይሆንም!» አለ ኪሩቤል። «እዚህ ቤት የሚዳር የለም፤ ሌላ ቤት ይሞክሩ!»

የእሷው ቃል ነው፤ አንዲት አልጎደለችም። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«እምቢታው ተመዝግቧል፤» አለ በሩ። «ቤትዎ ሲገቡ የደረጃው በር በእርስዎ ላይ ይዘጋል። መልካም ቀን።»

ሶልያና ቆመች። ይህን ቃል ይዞ ነው እነዚህን ሁሉ ቀናት የኖረው? ቂም ነው? ወይስ እሱም እናት ነበረው፣ መጀመሪያ የመጣውን ባዶውን መልስ ያለችው? ፊቱን ብታይ ታውቅ ነበር። ድዱ ከታየ አንድ ነገር ነው፣ ካልታየ ሌላ። በመሃላቸው ግን በር አለ፤ በሩ ደግሞ የሚያውቀው አንድ «አይሆንም» ብቻ ነው።

እስከ መታጠፊያው ወረደች። ወግ ቢሆን ሽማግሌ በሳምንቱ፣ በአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመለሰው። ቤቷ ከገባች ግን ደረጃው ይዘጋል። ስለዚህ አልገባችም። መታጠፊያው ላይ ሳምንት የሚያህል ተነፈሰችና ዞራ ወጣች።

አንኳኳች። «ሁለተኛ ነው፤» አለች።

መልስ የለም። በሩም ዝም አለ፤ ሁለተኛ የመጣ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ምን እንደሚል አላወቀም። ጆሮዋን እንጨቱ ላይ አስጠጋች። መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ደም ነው። ቀጥሎ፣ ከጣውላው ማዶ፣ በጣም ቅርብ፣ ቆሎ ሲቆረጠም ሰማች። ቆመ። እንደገና ተቆረጠመ።

ሰው በር ሥር ቆሞ ቆሎ የሚቆረጥመው ወይ ሰው ለማናደድ ነው፣ ወይ ሰው ለመጠበቅ። የቱ እንደሆነ ቆርጣ አላወቀችም። ከበሩ እንዳልራቀ ግን አወቀች።

ሽማግሌ ሲመጣባት እንጂ ሲመለስ ጉልበቱን ምን እንደሚሰማው አስባ አታውቅም ነበር። ግድግዳውን ይዛ ወረደች፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ። ሦስተኛው ይቀራል።